የምንሽሩ ጠባይ

አንዲት ምላሰኛ ሴት አባቷ የተናዘዙላትን ምንሽር በስሟ ለማዛወር ከወረዳው ሹም ከግራዝማች እንግዳሸት ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ኑዛዜው ሙሉ ሆኖ፣ ምስክሮቹም ቀርበው ሳለ እሳቸው ግን «ጉርሻዬስ?» ይሏታል። በአራተኛውም ቀን ባዶ እጇን ብትመጣ ባለጉዳይ በተሰበሰበበት ሊያሳፍሯት አሰቡ።

«ሴት ስለ ጠመንጃ ምን ታውቃለች? በይ ጠባዩን ንገሪኝ፤ ካላወቅሽ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል!»

የአባቷ ምንሽር ከእጇ ሊወጣ ነው። ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሳች።

«ጠባዩማ እንደ እርስዎ ነው፣ ጌታዬ፤ ካልጎረሰ አይናገርም።»

ባለጉዳዩ ሁሉ በሳቅ አውካካ። ግራዝማች ወሬው ከበላይ ጆሮ ሳይደርስ ብለው ፈጥነው ፈረሙ። እሷም ወረቀቱን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ከበሩ ስትደርስ ወደ እሳቸው ዘወር አለች።

«ለካ ልዩነትም አላችሁ፤ እሱስ የጎረሰውን ይተፋል።»