አባታችን ሆይ የሚረዝምበት ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ። ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ፣ በበጋ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው። ልጄ፣ ጥያቄሽን ሸሽቼ ወሬ የጀመርሁ እንዳይመስልሽ። «አባ፣ ጠዋት ዳዊት እደግማለሁ፣ ማታ ወንጌል አነባለሁ፤ ቃሉ ግን ከከንፈሬ አልፎ ልቤ አልገባም። በየቀኑ ምን ልጨምር?» ነው ያልሽኝ። እስኪ ስሚኝ።

ይህ ገበሬ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አባታችን ሆይ ይጸልያል። ጎረቤቶቹ ይቀልዱበት ነበር፤ «እሱ አባታችን ሆይን እስኪጨርስ እኛ አርሰን እንገባለን» ይሉታል። የሚዘገየው ግን ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አንድ ልማድ ነበረው፦ ከልቡ አልወጣ ያለውን ቃል ዘልሎ አያልፍም። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» ሲል ጦሙን ያደረ ጎረቤት ትዝ ካለው፣ ጸሎቱን እዚያው ያቆማል፤ ከጎተራው እህል ሰፍሮ ይወስድለትና ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ በዚህ ሰው እቀናለሁ፤ ቄስ ሆኜ እቀናለሁ።

አንድ ዓመት በጋው ጠና፣ ወንዙም ቀጠነ። በዚያ አገር የቦይ ውኃ በተራ ነው፤ ተራውን የሚያካፍሉት የውኃ አባት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የሰው ተራ የሰረቀ፣ ተበዳዩ በጉባኤ ቆሞ «ተበድያለሁ» ካለ፣ እስከ ክረምት ጠብታ ውኃ አያገኝም። ሕጉ ከባድ ነው። ባይኖር ግን ሰው በዶማ ይፋለጥ ነበር።

ሽንኩርቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ማሳው ከገበሬው በላይ የሆነ ጎረቤት የቦዩን አፍ ሰብሮ የገበሬውን ተራ ወሰደ። ሽንኩርቱ ቢጫ ሆኖ ተኛ። አገር ሁሉ አወቀ፤ ጉባኤም ተጠራ።

በጉባኤው ዕለት ጠዋት ገበሬው እንደ ልማዱ ለጸሎት ቆመ። «በደላችንን ይቅር በለን» አለ። ከዚያ ማለፍ አቃተው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እዚያው ሲደርስ ቆመ። ሚስቱ ጋቢውን ይዛ በር ላይ ትጠብቀዋለች።

«ሰው ተሰብስቦልሃል እኮ፤ ዛሬ እንኳ ቶሎ በል» አለችው።

«ቃሉ አልወጣ አለኝ።»

«ይገባኛል የቱ እንደሆነ። ልጆቼስ ምን ሊበሉ ነው? እሱን ስትምር እኛን ማን ሊምረን?»

«እውነትሽን ነው» አላት። «ግን ይህን ዘልዬ አሜን ካልሁ፣ ነገ በምን አፌ አባቴ እለዋለሁ?»

ዶማውን አነሣና ወጣ፤ ወደ ጉባኤው ሳይሆን ወደ ጎረቤቱ ማሳ። ጎረቤቱ ዶማውን ሲያይ ለጠብ የመጣ መስሎት ዱላውን ጨበጠ። ገበሬው ዶማውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ለምን ወሰድህብኝ?» አለው።

ጎረቤቱ አቀረቀረ። «ሚስቴ አራስ ናት፤ ያለን ይህ ማሳ ብቻ ነው። ብለምንህ እምቢ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ገበሬው «ንዴቴ ገና አልበረደም» አለው። «ይቅር ግን ብዬሃለሁ።» ይህን ብሎ እዚያው ማሳው ላይ ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ብሎ ጸሎቱን ቀጠለ። አሜን ሲል ጎረቤቱም ከኋላው አሜን አለ።

የተሰበረውን ቦይ አብረው ደፍነው ወደ ጉባኤው ሄዱ። የውኃ አባት «ተበድለሃል ወይ?» ብለው ጠየቁት። «ተበድዬ ነበር፤ በመካከላችን ጨርሰናል» አለ። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሳይጠየቅ ተነሥቶ ጥፋቱን በሰው ፊት ተናገረ፤ የሚቀጥለውንም ተራውን ለገበሬው ሰጠ።

ተአምር አልተደረገም። ከሽንኩርቱ ግማሹ ዳነ፣ ግማሹ ተቃጠለ። ሚስቱም እስከ ክረምት ስታጉረመርም ኖረች፤ አልፈርድባትም። በዚያ ቦይ ላይ ግን ከዚያ ወዲህ ውኃ የቸገረው ሰው በር አንኳኩቶ መለመን ለመደ።

እንግዲህ ልጄ፣ የምትጨምሪው ነገር የለም። ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር ትደግሚያለሽ፤ መልካም ነው። ገበሬው ግን ቃሉ ሲይዘው ይቆም ነበር፤ አንቺ ቃሉ ሲይዝሽ ትፈጥኛለሽ። ቃል ወደ ልብ የሚገባው በዚያ በሚያምሽ ቦታ ነው። እዚያ ስትደርሺ መጽሐፉን ዝጊና ተነሺ፤ ያዘዘሽን አድርጊ፤ ከዚያ ተመልሰሽ ካቆምሽበት ቀጥዪ። በየቀኑ አድርጊው።

የሚይዘኝ የቱ ቃል ነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። የነፍስ አባትሽ ነኝ። እናታችሁ ካረፉ ወዲህ አንቺና እህትሽ በአንድ ማዕድ አልተቀመጣችሁም። ቤቷ ከገበያው ማዶ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ዳዊትሽን እኔ ዘንድ ተይው፤ ከእሷ ስትመለሺ ትወስጂዋለሽ።