ሲያረጅ ማን ይበላዋል?

ተረት ልጀምር ነው! ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሚያዛጋም አፉን ይያዝ!

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ሲናገር፣ ነፋስ ሲመልስ፣ በአንድ ሞቃት ቆላ እመት ጅግሪት የምትባል የጫጩቶች እናት ነበረች። ክረምት በመጣ ቁጥር መከራዋን ታያለች። የለቀመችውን ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ትከታለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ይሻግታል። ባለፈው ክረምት ልጆቿ በረሃብ ስንጥር አክለው ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ አዝመራው እንደተሰበሰበ ደቦ ጠራች።

«ጎረቤቶቼ፣ ጎተራ ሥሩልኝ! ዘንድሮም እህሌ ከሻገተ ልጆቼን አላተርፋቸውም» አለች።

አያ ዝንጀሮ ደረቱን ነፍቶ ተነሣ። ግንበኛ ነኝ ባይ ነው፤ በዕድሜው ሙሉ ግን ከመቀመጫው ሌላ ድንጋይ አስተካክሎ አያውቅም።

«ለእኔ ተዪው! ነፋስ የማይገባው፣ ሌባ የማይደፍረው ጎተራ እሠራልሻለሁ» አላት።

ከገደሉ ድንጋይ እያንከባለለ አመጣ። ገነባ፣ ገነባ፣ አንድም ቀዳዳ ሳያስቀር ደፈነው። ይኼኔ እመት ምስጢት ከኩይሳዋ ብቅ አለች።

«አያ ዝንጀሮ፣ እንዲያው ልጠይቅህና፣ ይሄ ጎተራ ሲያረጅ ማን ይበላዋል?»

ዝንጀሮ በሳቅ ተንከባለለ። «ሰማችኋት? ገና ሳያልቅ ልትበላው! ምስጥ መቼም ከሆዷ ሌላ አታውቅም!»

ሁሉም ሳቁባት። እሷም ገባች።

ለሙከራ አንድ እንቅብ ማሽላ ጨመሩበት። ሰንበት ብለው ቢመጡ ጎተራው ይጮኻል። «ኧረ ታፈንኩ! ኧረ ትንፋሽ ስጡኝ!» ከፍተው ቢያዩ ማሽላው በላብ ርሶ፣ ነጭ ጢም አብቅሏል። ጅግሪት አንገቷን ደፋች።

«ግድ የለም፣ አሁን ደግሞ የሚያብረቀርቅ እሠራልሻለሁ» አለ ዝንጀሮ። ሄዶ ከመንገድ ዳር ቆርቆሮ ጎትቶ መጣ። በዚያ ዘመን ቆርቆሮ ከየት መጣ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ድንጋዩ ሲናገር ዝም ብላችሁ የለም?

ቆርቆሮዋ ገና ሳትቆም መፎከር ጀመረች። «እኔ ነኝ የፀሐይ መስታወት! ዝናብ አይነካኝ፣ ጊዜ አይበላኝ!»

ምስጢት ብቅ አለች። «እሺ፣ ይሄስ ሲያረጅ ማን ይበላዋል?»

«እኔን? ማንም!» አለች ቆርቆሮ በኩራት።

«እኔ የማልበላው ነገር አለ እንዴ?» ብሎ አያ ጅቦ ተነሣ። ግምጥ አድርጎ ነከሳት። ቀጭ! ጥርሱ ተሰበረና «ጥርፌን! ወይኔ ጥርፌን!» እያለ ሜዳውን ዞረው። አገሩ በሳቅ ፈረሰ።

የቆርቆሮው ጎተራ ቆሞ ሌላ እንቅብ ማሽላ ተጨመረበት፤ እኩለ ቀን ላይ ከውስጡ ድምፅ ተሰማ። ጣ! ጣ! ጣ! ማሽላው በሙቀቱ ፈንድሻ ሆነ። ደቦተኛው በደስታ እየዘገነ ቃመ።

ጅግሪት ግን አለቀሰች። «ዛሬ ቃማችሁ፤ ነገ ምን እዘራለሁ? ደመናውን አታዩትም? ክረምቱ ደርሷል እኮ!»

ብቻዋን ወደ ኩይሳው ሄደች። «እመት ምስጢት፣ ስቄብሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ። ያ ጥያቄሽ ግን ምን ማለት ነው?»

«ግቢና እንጫወት» አለቻት።

ጅግሪት ጭንቅላቷን ብታስገባ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። «ውጭው እንዲህ እየነደደ ይሄ እንዴት ቀዘቀዘ?»

«በኩይሳው እግር እገባለሁ፣ በአናቱ እወጣለሁ፤ ሙቀቱንም ይዤው እሄዳለሁ» አለ ነፋስ ከውስጥ እያፏጨ።

ምስጢትም አለች፦ «እኔ ልብላው አላልኩም፤ ማን ይበላዋል ነው ያልኩት። የወደቀውን እንጨት እኔ እበላዋለሁ። እኔን አፈር ይበላኛል። አፈሩን ማሽላ ይበላዋል። ማሽላውን አንቺ ትበዪዋለሽ። በላተኛ የሌለው ነገር ግን ወድቆ ይቀራል። ደቦ ስትጠሪ ሠራተኛውን ብቻ ጠራሽ፤ በላተኛውን ረሳሽው።»

ጅግሪት እየበረረች ተመለሰች። ደቦው እንደገና ተጠራ፣ ምስጢትም ነፋስም ተጠሩ! የማሽላ አገዳ ጠለፉ፣ በእንጨት እግሮች ላይ አቆሙ፣ በጭቃና በእበት ለቀለቁ። ከታች ቀዳዳ፣ ከላይ ቀዳዳ ተዉ፤ ለላይኛው የሣር ባርኔጣ ደፉለት። ምስጢትም «አሮጌውን አገዳ ስጡኝ እንጂ አዲሱን አልነካም» ብላ ማለች። የዝንጀሮ ድንጋዮች ከጎተራው እግር ሥር ገቡ። እሱም «ይኸው፣ ያለ እኔ ይቆም ነበር?» ብሎ ተጽናና።

ቆርቆሮ ብቻ ጥግ ላይ ታነባለች። «የሚበላኝ የለም ብዬ ፎከርኩ፤ አሁን ገደል ልትጥሉኝ ነው?»

«አይዞሽ፣ የሚበላሽ ከሌለ የሚያሠራሽ አይጠፋም» አለቻት ምስጢት። በጎተራው እግሮች ላይ ጠቀለሏት። አይጥ ልትወጣ ስትሞክር ሽርትት፣ ደግማ ስትሞክር ሽርትት! ቆርቆሮም በእንባዋ ላይ ሳቀች።

ዝናቡ መጣ፣ ወረደ፣ አባራ። ጎተራው ሲከፈት ማሽላው ደርቆ ሽክ ሽክ ይላል። የጅግሪት ጫጩቶች ወፍረው እየተጋፉ ወጡ። እሷ ስትዘፍን ያልጨፈረ አልነበረም፤ ጅቦ እንኳ ባልተሰበረው ጥርሱ ሳቀ።

ዘመን አለፈና ጎተራው ጎበጠ። «ጠግቤ ኖርኩ፤ እንግዲህ አሰናብቱኝ» አለ። ምስጦች እየዘፈኑ መጡ፣ በሉት፣ አፈር አደረጉት። በዚያው ቦታ ጅግሪትን የሚሰውር ማሽላ በቀለ፤ ከአገዳው አዲስ ጎተራ ተጠለፈ። ድንጋዩ ያው፣ ቆርቆሮዋም ያችው።

አያ ዝንጀሮስ? ዛሬ ጎጆ የሚሠራ ወፍ ባየ ቁጥር ሮጦ ይደርሳል። «ቆይ ቆይ! ሲያረጅ ማን ይበላዋል?» ይላል፣ ጥያቄውን ራሱ እንደፈጠረው ሁሉ።

ለዚህ ነው ሽማግሌዎቹ «በላተኛ ሳይጠራ የሠራ፣ የሚተርፈው የጥራጊ ተራራ» የሚሉት።

ተረቴን ብሉት፤ ፍሬውን ግን አትዋጡት፣ ለልጆቻችሁ ዝሩት።