የከዚራዋ ጥቁር መርሰዲስ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ሰው በገንዘቡ ያገኘውን ነገር ይዞ ሲንጠባረር ሽማግሌዎቹ ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሰው ስለ ጋብቻ የተነገረች ይመስለዋል። መነሻዋ ግን መኪና ናት፤ ለዚያውም አፍ የምታስከፍት መኪና። በቦታው ስለነበርኩ ከእኔ ስሙት።

ጥቁር መርሰዲስ ነበረች። መጀመሪያ ያስመጣት ሙሴ ስታቭሮ የሚባል ግሪካዊ የቡና ነጋዴ ነው። አገር ሲለቅ ለሸሪኩ ሸጣት፤ በአብዮቱ ጊዜ ከሸሪኩ ተወረሰች፤ በኋላም ባለሆቴሏ ወይዘሮ ዘርፌሽዋል በጨረታ ገዟት። ባለቤት ሲቀያየር ሾፌሩ ግን ያው ጋሽ ደምሰው ነበሩ። ርክክብ በተደረገ ቁጥር እሳቸውንም እንደ ትርፍ ጎማ አብረው ያስረክቧቸው ነበር።

አርባ ዓመት! የድሬ ፀሐይ ቀለሟን እንዳያነጣው አቡጀዲ ያለብሷታል፤ ሥራ በሌላት ወራት ጎማዋ እንዳይበላሽ ጉማጅ ግንድ ላይ ያሳርፏታል። የውስጥ ሰዓቷ እንኳ ቆሞ አያውቅም። አቡጀዲው በተገለጠ ቁጥር እኔ ትንፋሼን እውጥ ነበር፤ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣች ነው የምትመስለው።

ወይዘሮ ዘርፌሽዋል ሲያርፉ ልጃቸው መኪናዋን ሽመክት ለሚባል የአዲስ አበባ ተቋራጭ ሸጣት። ሽመክት ሲበዛ ችኩል ነው። ስም አዛውሮ፣ ሊብሬውን ኪሱ ከቶ፣ በማግስቱ ማለዳ መኪናዋ ካለችበት የወይዘሮዋ ግቢ ከች አለ።

“ጋሽ ደምሰውንም ይውሰዷቸው፤ ጠባይዋን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው” አለው የወይዘሮዋ ልጅ።

“የገዛሁት መኪና ነው። ሽማግሌ በምራቂ ጨምሩልኝ አልኩ?”

ጋሽ ደምሰው ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡት። “ልጄ፣ ቤንዚኑን ደጋግመህ አትርገጥባት” አሉት።

መቼ ሰምቶ! ገብቶ ረገጠ፤ ደግሞ ረገጠ፤ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጉረመረመና ዝም አለ። በረገጠ ቁጥር ባሰባት። ሰፈርተኛው ተሰበሰበ። ሽመክት ላብ በላብ ሆኖ ወረደና ጣቱን ጋሽ ደምሰው ላይ ቀሰረ።

“አንተ ነህ! ዕቃ ነቅለህባታል! ፖሊስ ጥሩልኝ!”

አንዲት ብሎን ሳያጎድሉ የኖሩ ሰው በስተርጅና፣ በሰፈራቸው ፊት ሌባ ተባሉ። ከግቢው ፊት ለፊት ልብስ የሚሰፉት ሐጂ ዚያድ ሥራቸውን ጥለው መጡ።

“ኧረ አቦ፣ አላህን ፍራ!” ብለው ጮኹበት።

ጋሽ ደምሰው ግን ኮፈኑን ከፈቱ። “ምንም አልጎደላትም። ቤንዚን በዝቶባት ታፍናለች፤ ትተንፍስ” አሉና እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ከዚያ ኮፈኑን ዘግተው ገቡ፤ ቁልፉን አንዴ አዞሩ።

ተነሣች። ድምፅዋ ከማነሱ የተነሣ “ተነሥታለች እንዴ?” ብሎ የጠየቀ ነበር። ጋሽ ደምሰው እስከ አፉ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስመጥተው ኮፈኑ ላይ አስቀመጡ። ሞተሩ እየሠራ ውሃው አልተነቃነቀም። የእግዜር ያለህ! ከዚያ ወዲህ ብዙ መኪና አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ገርሞኝ አያውቅም።

ሽመክት ባርኔጣውን አወለቀ። ብርጭቆውን ሲያይ፣ ሽማግሌውን ሲያይ ቆየ።

“ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ። አብረን እንሂድ፤ የጠየቁኝን እከፍላለሁ።”

“የኔ አገር ድሬ ነው” አሉ ጋሽ ደምሰው። ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ዘረጉለት፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። “አንተ ውሰዳት። ብርድ ላይ ብቻ አታሳድርብኝ።”

ሽመክት ቁልፉን አልተቀበለም። መልሶ ሽማግሌውን አስጨበጣቸው። “እዚሁ ትቀመጥ። እኔ እየመጣሁ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ፤ እርስዎ ያንሸራሽሩኛል” አለ።

የወይዘሮዋ ልጅ ግራ ገባው። “ሊብሬው እኮ በእርስዎ ስም ነው! ገንዘብ ከፍለውባታል!”

ይሄኔ ሐጂ ዚያድ ትከሻውን ቸብ አደረጉትና “ተወው አቦ፤ ስም ይዛወራል፣ ልብ አይዛወርም!” አሉት።