የጦጣዋ ጥያቄ

ተረት አለኝ፤ የላም በረቱን ክፈቱልኝ።

በአንድ ሸለቆ ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች ከአንድ ምንጭ እየጠጡ ይኖሩ ነበር። በአንድ ክፉ ሳምንት ዝንጀሮዎቹ ተነሥተው ጎረቤቶቻቸውን ፈጁ። ጊዜ አልፎ ፈጂዎቹና የተረፉት ዋርካ ሥር ለፍርድ ተቀመጡ። ዳኛዋ መቸኮል የማታውቀው ኤሊ ነበረች።

ሁለት ልጆቿን ያጣች እናት ጦጣ ተነሥታ ወደ አንድ ዝንጀሮ አመለከተች። «ልጆቼን የወሰዳቸው ይህ ነው» አለች።

ትዕቢተኛው ዝንጀሮ ደረቱን ነፋ። «ያኔ ብዙ ነበርን። የማን እጅ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቅኩህም። የት ጣልካቸው?» አለች ጦጣዋ።

ዝንጀሮው ወደ ወገኖቹ ዞረ። ወገኖቹ አፈጠጡበት፤ አንዱ ደግሞ እንዳይናገር ጥርሱን አሳየው። ኤሊዋ ግን መልሱን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቀች፤ ማንም እንዲነሣ አልፈቀደችም።

በመጨረሻ ዝንጀሮው አንገቱን ደፋ። «ከገደሉ ሥር ናቸው። የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ የቀበርኳቸውም እኔ» አለ።

«እንግዲያው ምራት» አለችው ኤሊዋ።

ወደ ገደሉ የሚያወርደው መንገድ ጠባብ ነው። ዝንጀሮው ከፊት፣ ጦጣዋ ከኋላ ሆነው ሄዱ። እሱ እንዳትገፋው ፈራ፤ እሷም እጇ እንዳይቀድማት ፈራች። እንዲያም ሆኖ ወረዱ። ዝንጀሮው ከመቃብሩ ላይ ድንጋዩን አንሥቶ መሬቱን በጥፍሩ መቆፈር ጀመረ። ጥፍሩ ተሰብሮ ደማ፤ አላቆመም።

ጦጣዋ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያም ከጉድጓዱ ማዶ ተንበርክካ እሷም መቆፈር ጀመረች።