ባና የለበሰው ጣሪያ

አንድ አዲስ ሙሽራ ነፍስ አባቱን መምሬ ይትባረክን፣ «የጓዳዬ ነገር ደጅ እንዳይወጣ ብዬ ሚስቴን እናቷ ቤት እንዳትሄድ ከለከልኋት። እሷ ግን ስታለቅስ ውላ ስታለቅስ ታድራለች። ምን ላድርግ አባቴ?» ሲል ጠየቃቸው። መምሬም እንዲህ አሉት።

አንድ ሰው ነበረ። ውርጭ በማይጠፋበት ደጋ የሚኖር ሀብታም ነው። ከመንደሩ ቀድሞ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ እሱ ስለሆነ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር የሚሄደው። ቤቱ ግን ይበርዳል። ደጅ ወጥቶ አንጋጦ ቢያይ፣ ከኮርኒሱ በላይ ግራና ቀኝ ግድግዳው ጫፍ ላይ አናጢው የተዋቸው ቀዳዳዎች አሉ። «ብርዱ ለካ በዚህ ነው የሚገባው» አለና አንዱን በጭድ፣ ሌላውን ሚስቱ ከአባቷ ቤት ባመጣችው ወፍራም ባና ጠቀጠቀው። ምድጃው አናት ላይ የተቀደደውን የጨርቅ ኮርኒስ ግን እንግዳ አያየውም ብሎ ተወው።

በማግስቱ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትነካው ቤት ውስጥ ዘነበ። ወሩ ጥር ነው፤ ሰማዩ ላይ ደመና የለም። ሰውዬው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሬንጅ ለቀለቀ። አሁንም ዘነበ። ቄስ ጠርቶ ጠበል አስረጨ፤ እርጥበቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ውሎ አድሮ ማገሩ ይሻግት ጀመር፤ ያ የሚኮራበት ቤት ከላይ ሊበሰብስበት ሆነ።

አንድ ቀን ሚስቱ መሰላል አቆመች። «ጣሪያው ባና ለብሶ እኔ እንቀጠቀጣለሁ። ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ጣሪያውን?» አለችና ባናውን ጎትታ፣ ጭዱንም በንዴት ዘርግፋ ወረደች። ባናዋን ተከናንባም ተኛች።

በማግስቱ ፀሐይ ብትወጣም ጠብታው ቆመ። ሰውዬው ገርሞት ወደ ላይ ሲያይ፣ የድስቱ እንፋሎት በተቀደደው ኮርኒስ ሾልኮ ሲወጣ አየ። ለካ እንፋሎቱና የሰው ትንፋሽ መውጫ አጥተው ቆርቆሮው ላይ ውርጭ እየሆኑ፣ ፀሐይ ስትመታቸው ነበር የሚንጠባጠቡት። ወዲያው ኮርኒሱን ሰፋ፣ ጭዱንም ከላዩ አነጠፈበት፤ ቀዳዳዎቹን ግን ክፍት ተዋቸው። ቤቱ ሞቀ። ሚስቱንም፣ «እኔም እኮ ይኸን ሳስብ ነበር» አላት።

መምሬ ይህን ብለው ወደ ሙሽራው ዞሩ።

«አየህ ልጄ፣ የጓዳህ ነገር የሚያመልጠው በአማትህ ቤት አይደለም። ትናንት ጠላ ቤት ስለ ሚስትህ ያወራኸው እኔ ጆሮ ደርሷል። ቅዳዱ ያንተ አፍ ነው፤ እሱን ስፋ። ለእሷ ግን የከፋትን የምትተነፍስበት የእናቷን ቤት ተውላት። እሱን ደፍነህ ነው ቤትህ በጥር የሚዘንበው።»