በእንቅልፏ የተወጋች ልጅ

የባለቤቴ የየኔታ አካለ ወልድ መርዶ የደረሰኝ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ሐኪም ቤት ተኝተው ስለነበር ልወስድላቸው ቤት ውስጥ አጥሚት በፔርሙስ እየቀዳሁ ሳለ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከታትለው ገቡ። ፔርሙሱን ከደንኩና፣ «ይቀዘቅዝባቸዋል፣ አሳልፉኝ» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ደጅ እላለሁ። እግሬ የሚያርፈው ስጽፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የኔታ ከተናገሯቸው ምሳሌዎች አንዱን ሳልረሳው ልጻፈው።

ጎረቤታችን እቴነሽ ሜላት የምትባል ልጅ አለቻት። ልጅቱ በቁመት ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ስለቀረች ሐኪሞች መርምረው የዕድገት ሆርሞን መርፌ አዘዙላት፤ እናቷም ቤት ውስጥ ማታ ማታ እንድትወጋት አሠለጠኗት። ሜላት ግን መርፌውን ስታይ ጩኸቷ ሰፈሩን ያናውጠዋል። እቴነሽ ዘዴ ያገኘች መስሏት ልጅቱን እንቅልፍ እስኪወስዳት እየጠበቀች በቀስታ ትወጋት ጀመር።

አንድ ቀን እያለከለከች መጣች። የኔታ «አረፍ በይ» ቢሏት እንቢ አለች።

«ተቀመጪ አይበሉኝ፤ ቁጭ ስል እሳት ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ቆመሽ ንገሪኝ። ቅዳሴም የምናስቀድሰው ቆመን ነው።»

«ሜላት አልተኛም አለች፣ የኔታ። ዐይኗን በጣቷ ፈልቅቃ ይዛ ታመሻለች። ሳቅፋት እጄን ትፈትሻለች። እንዲህ ከምትሰቃይ አጥራ ብትቀር አይሻልም? መርፌውን ልተወው?»

እሳቸውም እንዲህ አሏት፦

አንድ ሰው ነበረ። የሆድ ትል ይዟት የከሳች ጥጃ ነበረችው። የከብት መድኃኒት አዋቂ መራራ ቅጠል ሰጠው። ጥጃዪቱ ብትተፋበት ቅጠሉን ወቅጦ ከጨው ጋር ደባለቀና በመዳፉ አቀረበላት። መዳፉን ታምነው ነበርና ላሰች። በማግስቱም ላሰች። ኋላ ግን ምሬቱ ከየት እንደሚመጣ ዐወቀች። ንጹሕ ጨው ቢያቀርብላት ሸሸች። ሣር ቢይዝላት ሸሸች። ውሃ እንኳ በእጁ ከመጣ አልጠጣም አለች። ሰውዬው ከበረት ደጅ፣ ከደጅ በረት ሲንቆራጠጥ ዋለ። በመጨረሻ «መድኃኒቱ ሊገድልብኝ ነው» ብሎ ቅጠሉን ሊጥለው ተነሣ። ሚስቱ ግን በሩ ላይ ቆመችበት።

«ቅጠሉ ምን አደረገ? የዋሸው መዳፍህ ነው!»

ሰውዬው ተመለሰ። ጥጃዪቱን በግላጭ ያዘና መራራውን ለብቻው ጋታት። ታገለችው፤ ረገጠችውም። ከዚያ ለቀቃትና ንጹሑን ጨው ድንጋይ ላይ አስቀምጦላት ራቅ ብሎ ቆመ። መድኃኒቱ እስኪያልቅ እንዲሁ አደረገ። መራራውን ሁልጊዜ ጠላችው፤ ጨዉን ግን ውሎ አድሮ ከመዳፉ ላይ መላስ ጀመረች።

ይህን ብለው ወደ እቴነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ መርፌው ቅጠሉ ነው፣ እንቅልፏ ደግሞ ጨዉ ነው። ደባለቅሽውና ሁለቱንም አስጠላሻት። መርፌውን ሐኪም አዝዞታል፤ እሱን አትተዪ፣ ድብቅነቱን ተዪ። ሳትተኛ፣ ዐይኗ እያየ፣ ‹ያምሻል› ብለሽ ውጊያት። ታልቅስ። ከዚያ ‹የዛሬው አበቃ፣ ተኝተሽ አልነካሽም› በያት፤ ቃልሽንም ጠብቂ።»

«ብትረግጠኝስ?»

«ትርገጥሻ! ጥጃዋስ ረግጣ የለ?»

እቴነሽ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች።

ሜላት ወዲያው አላመነቻትም። ከመርፌው በኋላም ዐይኗን ፈልቅቃ እናቷን ስትጠብቅ ሰነበተች። አንድ ምሽት ግን ቀሚሷን ራሷ ሰብሰብ አድርጋ፣ «ትናንት በቀኝ ነው፣ ዛሬ በግራ ጭኔ ነው፤ ደሞ እንዳትረሺ» አለቻት። አለቀሰች፤ ከዚያም የእናቷን እጅ ጉንጯ ሥር አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ይህን እቴነሽ ራሷ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ነገረችኝ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የባለቤቴ የክርስትና ስማቸው ወልደ ሚካኤል ነው። ጸሎት ስታደርሱ በዚህ ስም አስቧቸውና ዕረፍትን ለምኑላቸው።