አባዬ፣ እንዳትውጣት!

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ሦስት ልጆቹን ይዞ ለሁለት ቀን ቤት እንዲጠብቅ ተተወ። ሚስቱ ጅቢት ከሸንተረሩ ማዶ ያለች እህቷ ወልዳ ልትጠይቃት መሄድ ነበረባት። ከልጆቹ ሁለቱ ወንዶች ናቸው፤ ዋጤና ጎርሴ ይባላሉ። ሦስተኛዋ ቅምሻ ግን ጡት ከተወች ገና አንድ ወሯ ነው።

ጅቢት ከመውጣቷ በፊት ባሏን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

«ስማኝ፤ ልጆቹ የሚጠጡት ከምንጩ ብቻ ነው። ደጅ ያለው ኩሬ ጎሽ ይንከባለልበታል። የሚበሉት ትኩሱን ፍየል ነው። የበቅሎዋን ሥጋ ለልጆቹ እንዳትሰጥ፣ ከሞተች አምስት ቀኗ ነው፤ ዝንብ ወሮታል። ገደሉ አጠገብም ብቻቸውን እንዳይሄዱ። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ እንጂ» አለ አያ ጅቦ አጥንት እየቆረጠመ። የሰማው ግን «ሥጋ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር።

ገና ረፋዱ ላይ ልጆቹ ጠማቸው። አያ ጅቦ ምንጩ በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም። ልጆቹን ውሃ የምትወስዳቸው ሁልጊዜ ጅቢት ነበረች። ጥቂት አሰበ፤ ማሰብ ሲያደክመው ወደ ኩሬው ነዳቸው።

«አባዬ፣ ይሸታል» አለች ቅምሻ።

«የሚሸት ነገር ጥሩ ነገር ነው፤ ጠጪ!»

ምሳ ሲደርስ የበቅሎዋን ሥጋ አቀረበላቸው። ጎርሴ አንድ ትል አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ምን ታቅማማለህ? እኔ ከዚህ የባሰ እየበላሁ ነው ያደግሁት!» አለና ለማሳየት ያህል ግማሹን ራሱ ዋጠው።

በማግስቱ ዋጤና ጎርሴ ሆዳቸውን ትንሽ ቆረጣቸውና ተዋቸው። ቅምሻ ግን ከላይም ከታችም ያዛት። ያስመልሳታል፣ ደግሞ ያስቀምጣታል። አያ ጅቦ ዋሻውን እየዞረ «ምን ላድርግ? ምን ላድርግ?» ሲል ከታች ቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖረው ቀበሮ ብቅ አለ። ይህ ቀበሮ ሐኪም ነኝ ይላል፤ የሚያክመው ግን ቤታቸው ሥጋ ያላቸውን ብቻ ነው።

ቀበሮው ልጅቷን በአንድ ዓይኑ፣ ጥግ የተከመረውን ሥጋ ደግሞ በሌላው ዓይኑ ተመለከተ።

«ከልጅቷ የሚወጣው ምንድን ነው?»

«ውሃ ብቻ ነው» አለ አያ ጅቦ።

«በቃ፣ ግልጽ ነው! ውሃ ካልገባ ውሃ አይወጣም። አንዲት ጠብታ እንዳታቀምሳት።»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ። «ይህን እንዴት እኔ አላሰብኩትም!»

«ሌላም አለ። የሥጋ ሽታ ሕመሙን ይቀሰቅስባታል። ትኩሱን ፍየል በሙሉ እኔ ዘንድ አምጣው፤ እስክትድን ድረስ እጠብቅልሃለሁ። የበቅሎዋን ገደል ጣለው።»

ይህን ሲሰማ አያ ጅቦ ሥጋውን አየ፤ ልጁን አየ። ከዚያ እንባው እየወረደ የበቅሎዋን ገደል ጣለ፤ ፍየሉንም በሙሉ ለቀበሮ አጓጓዘ። መንገድ ላይ አንዴ ብቻ ላሰው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የቅምሻ ዓይኖች ወደ ውስጥ ገብተው፣ አፏ ደርቆ ተገኘች። ስታለቅስ እንባ የላትም። ትንሽ ቆይታ ማልቀሱንም ተወችው።

«አባዬ» አለ ዋጤ፣ «ቅምሻ ዝም አለች።»

አያ ጅቦ ሁለት ቀን ሙሉ እነዚህ ልጆች ዝም ባሉልኝ ሲል ነበር። አሁን ግን ዝምታው አስፈራው። ያን ጊዜ ሸለቆው ውስጥ ባለው በረት የምትኖረው አህያ ትዝ አለችው። አራት ልጆች ወልዳ አራቱንም አሳድጋለች። «እርሷን እጠይቃለሁ» አለና በጠራራ ፀሐይ ወደ በረቱ በረረ።

«እመት አህዪት! እንደምን አረፈዱ?» አለ በእሾህ አጥሩ በኩል።

አህያዋ ጆሮዎቿን ቀጥ አደረገች። በሕይወቷ ሙሉ ጅብ እንደምን አረፈዱ ብሏት አያውቅም።

«ከአጥሩ ራቅ በል!»

«ልጄ ታማብኛለች።»

«አምና አክስቴን ‹እግሬን አሞኛል፣ ደግፊኝ› ብለህ ነው ከበረት ያስወጣሃት።»

«እሱ ውሸት ነበር፤ ይሄ እውነት ነው።»

አህያዋ ትኩር ብላ አየችው። እያለቀሰ ነው። ደግሞም የሚያየው ታፋዋን ሳይሆን ዓይኗን ነው።

«ምን ጠጣች?»

«የኩሬ ውሃ።»

«ምን በላች?»

አያ ጅቦ መሬት መሬቱን አየ። «የቆየች በቅሎ።»

«አሁንስ ምን እየሰጠሃት ነው?»

«ምንም። ቀበሮ ውሃ ከልክላት ብሎኛል።»

አህያዋ ባናፋች ጊዜ በረቱ ተናወጠ። «ልጅህ እየደረቀች እኮ ነው! የወጣው ውሃ ካልተተካላት ትሞትብሃለች! አሁኑኑ የምንጭ ውሃ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ሳታቋርጥ!»

«እሺ፣ እመት አህዪት። ግን... ምንጩ የት ነው?»

ከኋላ አንዱ ውርንጭላ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አህያዋ አልሳቀችም።

«የሦስት ልጆች አባት ሆነህ ምንጩን አታውቀውም?»

«ሚስቴ ናት የምታውቀው።»

አህያዋ ዞር ብላ የራሷን አራት ልጆች አየች። ከዚያም በረጅሙ ተነፈሰች።

«በል ይዘሃት ና። እኔ ከፊት ሆኜ መንገዱን አሳይሃለሁ። አንተ ግን ልጅህን በአፍህ ይዘህ ነው የምትከተለኝ። አፍህን የማምነው ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው።»

እንዲህ ሆነና ጉዞ ተጀመረ። ከፊት አህያዋ፣ ከኋላዋ ቅምሻን በአፉ ያንጠለጠለው አያ ጅቦ፣ ከእርሱ ኋላ ደግሞ ጭራውን ይዘው ዋጤና ጎርሴ።

«አባዬ፣ እንዳትውጣት!» አለ ዋጤ።

«እምምም» አለ አያ ጅቦ።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ገደል። ከአያ ጅቦ አፍንጫ ፊት ደግሞ የአህያዋ ታፋ ወዲህና ወዲያ ይላል። ከትናንት ጀምሮ ጾሙን ነው። ላለማየት ዓይኑን ጨፈነ፤ ተደናቀፈ፤ መልሶ ገለጠ።

ያኔ ቀበሮ ከቋጥኙ ጥግ ብቅ አለ። ልጅቷ ከዳነች ፍየሉን መልስ መባሉ አይቀርምና ጨንቆታል።

«አያ ጅቦ! ምን ዓይነት ዕድል ነው እግርህ ላይ የወደቀው! አጥር የለ፣ ዱላ የለ፣ ይኸው ታፋ! አፍህን ክፈት እንጂ!»

የአያ ጅቦ ምራቅ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። መንጋጋው ተንቀጠቀጠ። አህያዋ ሰምታለች፤ ነገር ግን በዚያ ጠባብ መንገድ መሮጫ የላትምና ቀጥ ብላ መራመዷን ቀጠለች።

«አባዬ፣ እንዳትጥላት!» ብሎ ጎርሴ ጮኸ።

የቅምሻ ልብ በምላሱ ላይ ትር ትር ስትል አያ ጅቦ ተሰማው። ትንሽ ናት፤ ደከም ያለች ናት። ጥርሱን ላላም ጠበቅም ሳያደርግ መራመዱን ቀጠለ። በቀበሮው አጠገብ ሲያልፍ ግን ወገቡን ትንሽ ወደ ጎን ወርወር አደረገ። ቀበሮው ተገለባብጦ ሳማ ውስጥ ገባ፤ እያከከ ሲጮህ ድምፁ ከኋላቸው ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

ምንጩ ጋ ደርሰው አያ ጅቦ ልጁን ሣር ላይ አስተኛት። አመሰግናለሁ ሊል ቀና ሲል አህያዋ ከማዶ ጉብታ ላይ ደርሳለች።

«መዳፍህን መጀመሪያ ታጠብ! ከታች በኩል!» ብላ ጮኸች። «በቅጠል አጠጣት! ከመለሰችው ትንሽ ቆይተህ ድገምላት!»

አያ ጅቦ ለመጀመሪያ ጊዜ መዳፉን ታጠበ። ውሃው ጠቆረ። ከዚያ በቅጠል እየቀዳ አንድ ጠብታ፣ ደግሞ አንድ ጠብታ አጠጣት። መለሰችው። ጠበቀ፤ ደገመላት። ፀሐይ አዘቅዝቃ ጥላው ሲረዝም አሁንም እዚያው ነበር። ለራሱ እንኳ መጠጣት ረስቷል።

በመጨረሻ ጎርሴ ሳያይ የቅምሻን ጭራ ረገጠ። ቅምሻ «ዋይ!» አለችና አለቀሰች፤ በጉንጯም ትልቅ እንባ ወረደ።

«እንባ! እንባ መጣላት!» ብለው ወንድሞቿ ዘለሉ።

አያ ጅቦ ሳቀ። የጅብ ሳቅ ስለሆነ ሸለቆው ሁሉ አስተጋባ፤ ከጉብታው ላይ ሆና ስታይ የቆየችው አህያም ሳቁን ስትሰማ ደህና ዋሉ ሳትል ወደ በረቷ ጋለበች።

ጅቢት ባዶ ዋሻ ስታገኝ ዱካቸውን ተከትላ ምንጩ ጋ ደረሰች። አያ ጅቦ ኩሬውንም፣ በቅሎዋንም፣ ቀበሮውንም አንድ ሳያስቀር ነገራት። ጅቢት ቅምሻን አገላብጣ አየቻት። ከዚያ «ቀበሮው የት ነው?» አለችና ሄደች። ሳይመሽ ተመለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ሸንተረር ሐኪም ነኝ የሚል ቀበሮ አልታየም።

እህቷ የላከችውን የበግ ታፋም ባሏ ፊት አስቀመጠች። አያ ጅቦ ተስገብግቦ አፉን ከፈተ፤ ጥርሱ ሥጋውን ሊነካ ሲል ግን ቆመ፤ አሸተተው።

«ይሄ በግ» አለ፣ «መቼ ነው የሞተው?»

ጅቢት ደነገጠች። ጠጋ ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው። «አንተም ታመምክ እንዴ?»

ከዚህ የምንማረው ልጆች የሚጠጡበትን ምንጭ እናት ብቻ ሳትሆን አባትም፣ ልጅ ከመታመሙ በፊት ማወቅ እንዳለበት ነው።